ስለ ዐቢይ ቀመር

በላስታ አገር በላሊበላ ከተማ ከዓለት የተፈለፈሉ 11 አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በእነርሱ የሚያገለግሉ ካህናት የጾምንና የፋሲካን ቀን የሚያገኙት ባሕረ ሐሳብ በሚባል ሒሳብ ነው። በዚህ ሒሳብ ውስጥ አንድ ታላቅ ቍጥር አለ፤ እርሱም 532 ነው፤ ስሙም ዐቢይ ቀመር ይባላል።

ይህ ታላቅ ቍጥር ከሦስት ታናናሽ ቍጥሮች የተሠራ ነው። የመጀመሪያው 7 ነው፤ የሳምንት ዕለታት ሰባት ናቸውና። ሁለተኛው 4 ነው፤ ጳጉሜን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ስድስት ቀን ትሆናለችና። ሦስተኛው 19 ነው፤ በባሕረ ሐሳብ አቈጣጠር አዲስ ጨረቃ በ19 ዓመት ወደ ቀድሞው ቀኗ ትመለሳለችና። 19 በ4 ሲባዛ 76 ይሆናል፤ 76ም በ7 ሲባዛ 532 ይሆናል።

ቍጥሮቹ ስለ ምን ይባዛሉ? ሁለት ልጆች ከአንድ ምንጭ ውኃ ይቀዳሉ እንበል። አንዱ በየ2 ቀን፥ ሁለተኛው በየ3 ቀን ይወርዳል። ዛሬ ቢገናኙ ዳግመኛ የሚገናኙት ከ6 ቀን በኋላ ነው፤ 2 ጊዜ 3 6 ነውና። እንደዚሁም 4ን፥ 7ንና 19ን በአንድነት እየከፈለ የሚያሳንሳቸው ቍጥር የለም፤ ማናቸውም ሁለቱ ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የላቸውም። ስለዚህ ሦስቱ ዙሮች 532 ዓመት ሳይሞላ እንደ ቀድሞው አይገጥሙም።

በ1485 ዓመተ ምሕረት ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ነበረ። በዚህ ላይ 532 ቢጨመር 2017 ይሆናል፤ በ2017ም ፋሲካ ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ከንጉሥ ላሊበላ ዘመን እስከዚያ ድረስ 800 ዓመት ያህል አልፏል፤ ዙሩ ግን ሁለት ጊዜ ገና አልሞላም።

ይህን ሒሳብ የሚማር ተማሪ እጅግ ይጠነቀቃል። 5500ና 2017 ሲደመሩ 7517 ይሆናሉ። ይህም ለ19 ሲካፈል 395 ጊዜ ይደርሳል፥ 12 ይተርፋል። ከ12 ደግሞ 1 ይቀነሳል፤ የቀረው 11 ወንበር ይባላል። ተማሪው ይህችን 1 መቀነስ ቢረሳ ፋሲካ ሚያዝያ 5 ቀን ይወጣለታል። ሕዝቡም ቢያምነው ዐቢይ ጾምን አንድ ሳምንት አስቀድሞ በጀመረ ነበር።

እንግዲህ ታላቅ ቍጥር የሚያስፈራው ሰው ወደ ታናናሾቹ ይክፈለው፤ ያን ጊዜ ይቀልለታል። ታናሹን ቍጥር የሚንቅ ሰው ግን ታላቁን ያበላሻል። በሒሳብ እንደ ሆነ ሁሉ በሥራም እንዲሁ ነው፤ በጥቂቱ ያልታመነ በብዙው ይሳሳታል።