ሽሮ ለእንጀራ የሚያበድረው

ቅዳሜ ጠዋት አቃቂ ውስጥ አንዱ ወፍጮ ቤት ጎራ ብትሉ ሰልፉ ሁለት ዓይነት ነው። ግማሹ ጤፍ ይዞ የመጣ ነው። ሌላው ተቆልቶ የተከካ ሽምብራ ከበርበሬ፣ ከኮሰረት፣ ከበሶብላና ከደረቀ ነጭ ሽንኩርት ጋር አደባልቆ በማዳበሪያ ተሸክሟል። ጤፍ በሽሮ ወፍጮ አይፈጭም፤ ሽታው ይጋባበታላ። ወፍጮ ቤት የለያያቸው ሁለቱ ዱቄቶች ግን ምሳ ሰዓት ትሪ ላይ ሲገናኙ፣ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላለታል። የሚሟላው ነገር ላይሲን ይባላል።

ላይሲን አሚኖ አሲድ ነው። ሰውነታችን ፕሮቲን የሚሠራው ከ20 ዓይነት አሚኖ አሲዶች ሲሆን አብዛኞቹን ራሱ ያዘጋጃቸዋል። ዘጠኙን ግን ከምግብ ካላገኘ ከየትም አያመጣቸውም። ላይሲን ከዘጠኙ አንዱ ነው፤ እህል በብዛት በሚበላበት አገር ደግሞ ቀድሞ የሚያልቀው እሱ ነው።

ቃሊቲ ብሎኬት ሲመረት ያየ ሰው ነገሩ አይጠፋውም። አሸዋውና ጠጠሩ ተራራ ቢያክል ሲሚንቶ ካለቀ ሥራው ይቆማል። ሰውነትም እንደዚያው ነው፤ ላይሲን ባለቀበት ቦታ የፕሮቲን ግንባታው ይቆማል። ብሎኬት አምራቹ እንኳ የተረፈውን አሸዋ ለነገ ያሳድረዋል። ሰውነታችን ግን ትርፍ አሚኖ አሲድ የሚያከማችበት መጋዘን ስለሌለው እንደ ማገዶ ያነደዋል፤ ናይትሮጅኑንም በሽንት ያስወጣዋል። ያ ሁሉ እንጀራ ተበልቶ ፕሮቲኑ በከፊል ለማገዶ ዋለ ማለት ነው።

ላይሲን በጡንቻ ውስጥም፣ በሽታ በሚከላከሉት ፕሮቲኖች ውስጥም አለ። ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን አጥብቆ የሚይዘው ኮላጅን ክሮቹ እርስ በርስ የሚቆላለፉት በእሱ በኩል ነው። ስብ በሕዋስ ውስጥ ተቃጥሎ ጉልበት እንዲሆን የሚያጓጉዘው ካርኒቲንም የሚሠራው ከላይሲንና ሜቲዮኒን ከሚባል ሌላ አሚኖ አሲድ ነው።

አሁን ወደ ትሪው እንመለስና ሒሳብ እንሥራ። የዓለም ጤና ድርጅትና የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት መለኪያ መሠረት አንድ አዋቂ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 30 ሚሊ ግራም ላይሲን ያስፈልገዋል። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው 1,800 ሚሊ ግራም ይፈልጋል ማለት ነው። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ ወደ 380 ሚሊ ግራም ገደማ ይገኛል። በነጭ የስንዴ ዱቄት 230 አካባቢ ነው። በሽምብራ ግን ወደ 1,380 ይደርሳል።

በጤፍ ብቻ ልኑር ያለ ሰው ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ዱቄት በቀን ሊበላ ነው። በነጭ ዳቦ ብቻ የሚኖረው ደግሞ 800 ግራም ዱቄት ገደማ። 300 ግራም ጤፍ ላይ 50 ግራም የሽምብራ ሽሮ ሲጨመር ግን 1,140 እና 690፣ ድምሩ 1,830 ይሆናል። ሞላ! የተበላ ሁሉ ሙሉ በሙሉ አይፈጭምና ትንሽ ማትረፍ ደግ ነው፤ ቢሆንም 50 ግራም ማለት እኮ ጥቂት የሾርባ ማንኪያ ዱቄት ነው። ምስርና አተር ክክም ይህንኑ ሥራ ይሠራሉ። ሥጋ፣ እንቁላልና ወተት በማይበሉባቸው በእነዚያ ሁሉ የጾም ቀናት ይህን ጉድለት ሲደፍን የኖረው ማን ሆነና ነው? እኔ እንግዲህ «ዛሬም ሽሮ?» የሚለው ምሬት አይዋጥልኝም።

ውለታው የአንድ ወገንም አይደለም። ጥራጥሬ በሜቲዮኒን ደካማ ነው፤ ጤፍ ደግሞ በእሱ አይታማም። ብድር በምድር ይሏል ይሄ ነው።

አቃቂ ለዚህ ወሬ የተገባች ቦታ ናት። ፋብሪካና መጋዘን ሳይሞላት በፊትም ሆነ ዛሬ ከከተማው ጫፍ ወዲያ ያለው ጥቁር መሬት ሁለቱንም ያበቅላል፤ ጤፉ በክረምት ይዘራል፣ ሽምብራው ዝናቡ ሲያባራ አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ይበቅላል። የደብረ ዘይት እርሻ ምርምር ማዕከል ካወጣቸው የሽምብራ ዝርያዎች አንዱ ስሙ «አቃቂ» ነው። በደብረ ዘይት መንገድ ዳር በእስር የሚሸጠውን እሸት ሽምብራ እየፈለቀቀ ያልሄደ መንገደኛ ካለ ይቅርታ ይጠይቅ።

የሚያሳስበው የልጆች ነገር ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ለኪሎው 45 ሚሊ ግራም ይፈልጋል፤ ከአዋቂው በግማሽ ይበልጣል። ሆዱ ግን ጭብጥ ታክላለች፤ በቀጭን የስንዴ አጥሚት ከሞላች ለላይሲን ቦታ የላትም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ኢትዮጵያና ስዊድን በጋራ ባቋቋሙት የሕፃናት ሥነ ምግብ ፕሮጀክት የተወለደው ፋፋ የተባለ የልጆች ምግብ ይህንኑ ለማቃናት የተሠራ ነው፤ እህሉ ላይ ጥራጥሬና የወተት ዱቄት ተጨመረበት። ስሙም ልጁ ሲወፍርና ሲያምር «ፋፋ» ከምንለው ነው። ለልጅ ምግብ ከዚህ የተሻለ ስም አላውቅም።

ዛሬ እዚሁ ቃሊቲ የሚመረተው ፓስታና ብስኩት የብዙ ልጅ ምሳ ዕቃ ውስጥ አለ። ብስኩት ኃጢአት አይደለም፤ ብቻውን ምሳ መሆኑ ነው ችግሩ። ፓስታው ላይ ምስር ቢጨመርበት፣ ብስኩቱ ከእንቁላል ወይም ከወተት ጋር ቢበላ ሒሳቡ ይስተካከላል።

አንድ ማሳሰቢያ ግን አለ። ጓያም ላይሲን አያንሰውም፤ ነገር ግን ለወራት ዋና ምግብ ከሆነ በውስጡ ያለው መርዝ እግር ያሽመደምዳል። ሽሮ በርካሽ ሲቀርብላችሁ ከምን እንደተፈጨ መጠየቅ ነውር አይደለም።

የሽሮ እህል ቤታቸው ለሚያዘጋጁም አንድ ቃል። ከአሚኖ አሲዶች መካከል ለእሳት ቶሎ እጁን የሚሰጠው ላይሲን ነው፤ በኃይለኛ ሙቀት ከስኳር ጋር ይጣበቅና ሰውነት ሊጠቀምበት የማይችል ነገር ይሆናል። ቆሎ ሲጠቁር የምናየው መልክ አንዱ ምክንያቱ ይኸው ነው። ስለዚህ ሽምብራው ሽታው ሲያውድና ቅርፊቱ መላቀቅ ሲጀምር ከምጣዱ አውርዱት፤ እስኪጠቁር አትጠብቁ።