ስለ ብየዳ ኤሌክትሮድ ምርጫ፤ ርካሹ የሚበቃበትና ውዱ የሚያስፈልግበት ሥራ

በዛሬው ዘመን የእርሻ ሥራ በበሬና በእንጨት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። የትራክተሩ ተሳቢ፣ የውሃ መሳቢያው ሞተር መቆሚያ፣ የእህል መጋዘኑ በር፣ የከብቱ በረት አጥር፣ ይህ ሁሉ ብረት ነው፤ ብረትም ይሰበራል። የተሰበረውንም የሚጠግነው ብዙውን ጊዜ በወረዳው ከተማ ያለው በያጅ፣ ወይም በባለ እርሻው ግቢ የተቀመጠች ትንሽ የብየዳ መኪና ናት። ጥገናው ጸንቶ ሲቆይ ማንም አያስተውለውም። ነገር ግን ጭነት የያዘ ተሳቢ ዳገት ሲወጣ መጎተቻው ከተበየደበት ስፍራ ቢላቀቅ የሚጠፋው እህል ብቻ አይደለም፤ ከኋላ የሚሄደው ሰው ሕይወት ጭምር ነው። ስለዚህ ጥገናው በምን ዓይነት ኤሌክትሮድ እንደሚሠራ ማወቅ የበያጁ ብቻ ሳይሆን ገንዘቡን የሚፈቅደው አስተዳዳሪና የንብረቱ ባለቤትም ጉዳይ ነው።

በዚህ ነገር ሁለት ዓይነት ስሕተት ይታያል። አንዳንዱ ሰው ኤሌክትሮድ ሁሉ አንድ ነው ብሎ ከሁሉ የረከሰውን ይገዛል። ሌላው ደግሞ ውድ የሆነ ሁሉ ይበልጣል ብሎ ብዙ ገንዘብ ያወጣል፤ ከዚያም የገዛውን በእርጥብ መጋዘን ያኖረዋል። ሁለቱም ይከስራሉ። ኤሌክትሮድ የሚመረጠው ዋጋውን በማየት ሳይሆን ሦስት ነገሮችን በመመርመር ነው፤ እነዚህም የሚበየደው ብረት ዓይነት፣ የብየዳ መኪናው ኃይልና የኤሌክትሮዱ ደረቅነት ናቸው።

ኤሌክትሮድ ማለት በውስጡ የብረት ሽቦ ያለበት፣ በላዩም እንደ ደረቀ ጭቃ ያለ ልባስ የተደረገበት ዘንግ ነው። የኤሌክትሪኩ ኃይል ከዘንጉ ጫፍ ወደ ሥራው ብረት ሲዘል ታላቅ ሙቀት ይፈጠራል፤ ሽቦውም ቀልጦ ሁለቱን ብረት ያያይዛል። ልባሱ ሲቃጠል የሚወጣው ጋዝ አየርን ከቀለጠው ብረት ያርቃል፤ የቀረውም ቅርፊት ሆኖ ብየዳው እስኪበርድ ድረስ ይሸፍነዋል። ልባስ ያለውን ኤሌክትሮድ የፈለሰፈው ኦስካር ኬልበርግ የተባለ የስዊድን መሐንዲስ ሲሆን፣ እርሱም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ኤሳብ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። እንግዲህ በአንዱና በሌላው ኤሌክትሮድ መካከል ያለው ዋና ልዩነት ከሽቦው ይልቅ በዚህ ልባስ ላይ ነው።

በአሜሪካ የብየዳ ማኅበር ደንብ መሠረት በኤሌክትሮዱ መያዣ ጫፍ አጠገብ እንደ ኢ 6013 ወይም ኢ 7018 ያለ ምልክት ይታተማል። የፊተኞቹ ሁለት ቁጥሮች የብየዳውን ጥንካሬ ያሳያሉ። 60 ማለት በአንድ ካሬ ኢንች 60 ሺህ ፓውንድ፣ ይኸውም በአንድ ካሬ ሚሊሜትር 42 ኪሎ ያህል ቢጎተት ይችላል ማለት ነው፤ 70 ሲሆን ወደ 49 ኪሎ ይደርሳል። ሦስተኛው ቁጥር 1 ሲሆን በወለል፣ በግድግዳም ሆነ ከራስ በላይ መበየድ ይቻላል። የመጨረሻው ቁጥር ከርሱ በፊት ካለው ጋር ሆኖ የልባሱን ዓይነትና የሚስማማውን ኤሌክትሪክ ይናገራል። ከቻይና በሚመጣው ላይ ጄ 421 የሚል ጽሕፈት ቢገኝ ከኢ 6013 ጋር የሚመሳሰል ነው። ምንም ምልክት የሌለበት ኤሌክትሮድ ግን ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ሊገዛ አይገባም፤ ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ የለምና።

ኢ 6013 ዋጋው ቀላል ነው፤ ሆኖም ለብዙ ሥራ የሚበቃ ነው። ለቱቦላሬ በርና መስኮት፣ ለላሜራ፣ ለአንግል ብረት አጥር፣ ለመደርደሪያና ለከብት መመገቢያ ገንዳ ከዚህ የበለጠ መፈለግ ገንዘብን ማባከን ነው። እሳቱ ቶሎ ይነሣል፤ ቅርፊቱም በቀላሉ ይለቃል። ይልቁንም ትንሽ የብየዳ መኪና ያለው ሰው ይህን ሊያስተውል ይገባል። ኢ 6013 ሥራ ሳይጀመር 50 ቮልት ያህል ብቻ በምትሰጥ መኪና ይሠራል፤ ኢ 7018 ግን በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሲሆን 70 ቮልት ያህል ይሻል። በትንሿ መኪና ውዱን ኤሌክትሮድ ቢሞክሩት ከብረቱ ጋር ይጣበቃል፣ እሳቱም ይቆራረጣል፤ ብየዳውም ከርካሹ የከፋ ይሆናል።

ኢ 7018 የሚያስፈልገው ሸክምና መንቀጥቀጥ ባለበት ሥራ ነው። የተሳቢ መጎተቻ፣ የጋሪ አክስል፣ የውሃ ታንከር ማማ፣ የድልድይ ተሸካሚ ብረት የዚህ ወገን ናቸው። ምክንያቱም እንዲህ ነው። በልባስ ውስጥ ያለ እርጥበት በእሳቱ ሲፈታ ሃይድሮጂን የተባለው ጋዝ ይወጣና ወደ ቀለጠው ብረት ይገባል። ብረቱ ወፍራም ወይም ጠንካራ ሲሆን ይህ ጋዝ በውስጡ ተይዞ ይቀራል፤ ብየዳውም ከበረደ በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜ ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ፣ በስውር ይሰነጥቀዋል። በያጁ ሥራውን ሲያስረክብ ያማረ የነበረው መንገድ ላይ የሚሰበረው ስለዚህ ነው። የኢ 7018 ልባስ ሃይድሮጂኑ እጅግ ጥቂት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ ነው።

ስለ ማረሻም የተለየ ጥንቃቄ ያሻል። ከመኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ ማረሻ ካርቦኑ ብዙ ስለ ሆነ በኢ 6013 ብርዱን ሳለ ቢበየድ ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለው ብረት አስቀድሞ ከ200 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ፣ በኢ 7018 ሊበየድ፣ ከዚያም በደረቅ አመድ ውስጥ ተቀብሮ ቀስ ብሎ ሊበርድ ይገባዋል። በውሃ ማብረድ ፈጽሞ የተከለከለ ነው። በሰኔ የተሰበረ ማረሻ ሁለተኛ ቢሰበር የሚዘራበት ቀን ያልፋልና ይህ ድካም አይበዛበትም።

ነገር ግን የኢ 7018 ጥቅም ሁሉ በደረቅነቱ ላይ የቆመ ነው። የአሜሪካው ደንብ ተራው ኢ 7018 ከታሸገበት ከወጣ በኋላ ከ4 ሰዓት በላይ በአየር ላይ እንዲቆይ አይፈቅድም፤ ከዚያ በላይ የሚቆየው ከ120 ዲግሪ በማያንስ ምድጃ ውስጥ መቀመጥ አለበት። እርጥበት የሳበውንም ከ260 እስከ 430 ዲግሪ ባለው ሙቀት ቢያንስ 2 ሰዓት ማድረቅ ያዝዛል። ይህን ያህል ሙቀት የወጥ ቤት ምድጃና ምጣድ በልክ ሊሰጡት አይችሉም። ስለዚህ በክረምት ካርቶኑ ተከፍቶ በአፈር ወለል ላይ የከረመ ውድ ኤሌክትሮድ ስሙ እንጂ ጥቅሙ የለም። ኢ 6010 እና ኢ 6011 የተባሉት ደግሞ በልባሳቸው ጥቂት እርጥበት እንዲኖር ሆነው የተሠሩ ስለ ሆነ በምድጃ ማድረቅ ያበላሻቸዋል። ሁሉንም በአንድ ደንብ ማስተዳደር አይቻልም።

አንድ ዓይነት ቁጥር ባላቸው ኤሌክትሮዶች መካከልም የጥራት ልዩነት አለ። መጥፎው ልባሱ ወደ አንድ ወገን ያደላ ወይም የሚፈረፈር ይሆናል፤ እሳቱም ይጣመማል። 35 ሳንቲሜትር ከሆነው ዘንግ መያዣው 5 ሳንቲሜትር ሲጣል ሰባተኛው እጅ ይጠፋል፤ ልባሱ ተፈርፍሮ 10 ሳንቲሜትር ቢጣል ግን ከሩብ የሚበልጠው ይባክናል። ስለዚህ የኪሎውን ዋጋ ብቻ አይቶ ረከሰ ማለት ማታለል ነው።

የጥራቱን ነገር ለማወቅ ታላቅ ፋብሪካ አያሻም። ከመግዛት በፊት ከየዓይነቱ ጥቂት ዘንግ ተወስዶ በአንድ በያጅ እጅና በአንድ መኪና ይፈተን። ውፍረቱ 6 ሚሊሜትር የሆነ ሁለት ቁራጭ ብረት አንዱ በአንዱ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ በአንድ ወገን ብቻ ይበየድ፤ ለ3.2 ሚሊሜትር ኢ 6013 ከ90 እስከ 130 አምፔር ይበቃዋል። ከበረደ በኋላ በሞርሳ ተይዞ ወደ ተበየደው ወገን በመዶሻ እየተመታ ይታጠፍ። ሲሰበር ውስጡ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ ወይም ቅርፊት የተቀበረበት እንደ ሆነ ያ ኤሌክትሮድ ወይም አያያዙ ጉድለት አለበት። ያለ ቀዳዳ ጥቅጥቅ ብሎ የታየው፣ ወይም ሳይሰበር የታጠፈው፣ መልካም ነው።

እንግዲህ የገጠር አስተዳዳሪዎችና ባለ እርሻዎች ሊያደርጉት የሚገባው ይህ ነው። ለበርና ለአጥር ምልክት ያለበትን ኢ 6013 ይግዙ፤ ሸክም ለሚይዝ ብረት ኢ 7018 ከበቂ መኪና ጋር ያቅርቡ፤ ሁለቱንም እንደ ታሸጉ ከወለልና ከግድግዳ ርቆ በቆመ መደርደሪያ ላይ ያኑሩ፤ ለሥራው ከሚያስፈልገው በላይ አይክፈቱ። በያጁም የዓይን መከላከያ፣ የቆዳ ጓንትና ደረቅ ጫማ ሳያደርግ፣ በተዘጋ ቤትም ውስጥ እንዳይሠራ ይቆጣጠሩ። ሳይቃጠል በቅጠል እንደ ተባለ፣ በመጋዘን የሚደረግ ጥቂት ጥንቃቄ በዳገት ላይ የሚመጣውን ታላቅ ጥፋት ያስቀራል።