የሞተር ሳይክል ባትሪ ዋልታ መቀያየር

የሞተር ሳይክል ባትሪ ዋልታ መቀያየር ማለት የባትሪው አዎንታዊ (+) እና አሉታዊ (−) ዋልታዎች ቦታ ተለዋውጠው ሲታሰሩ የሚፈጠር የኤሌክትሪክ ብልሽት ነው። ስህተቱ ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ቢቆይም ፊውዝ፣ ሬጉሌተር ወይም ሲዲአይ ሊያቃጥል ይችላል። ብዙ ጊዜ ግን የሚቃጠለው ዋናው ፊውዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ምርመራው ከርካሹ ክፍል ተነሥቶ ወደ ውዱ ቢሄድ፣ ያልተበላሸ ዕቃ ከመቀየር ያድናል።

የስህተቱ ምክንያት

የእርሳስና አሲድ ባትሪ ብርድ አይወድም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የምትገኝ ከተማ ስትሆን በበጋ ወራት ሌሊቱ ውርጭ ይጥላል። ባትሪ በ0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ የሚሰጠው አቅም በ25 ዲግሪ ከሚሰጠው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። በዚያው ላይ የሞተሩ ዘይት በብርዱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው የበለጠ ኃይል ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት የደከመ ባትሪ ጠዋት ላይ ይታወቃል፤ ለቻርጅ ይወጣል ወይም በሌላ ይተካል። ባትሪ በወጣና በገባ ቁጥር ደግሞ የመሳሳት ዕድል አለ። ስህተቱ በአብዛኛው ከሚከተሉት በአንዱ ይመጣል፦

• የዋልታ አቀማመጥ። መጠናቸው እኩል ከሆኑ ሁለት ባትሪዎች አንዱ አዎንታዊ ዋልታውን በቀኝ፣ ሌላው በግራ ሊይዝ ይችላል። ምልክቱን ሳያይ በድሮው ቦታ የሚያስር ሰው ይሳሳታል።

• የሽቦ ቀለም። ቀይ ሽቦ አዎንታዊ መሆኑ የተለመደ ነው። አሉታዊው ግን በሆንዳና በብዙ የቻይና ሞተሮች አረንጓዴ፣ በያማሃ ጥቁር፣ በሱዙኪ ጥቁርና ነጭ፣ በካዋሳኪና በባጃጅ ጥቁርና ቢጫ ነው። ሽቦው በጥገና ጊዜ ተቀይሮ ከሆነ ቀለሙ ማስረጃ አይሆንም።

• በተገላቢጦሽ ቻርጅ የተደረገ ባትሪ። ጨርሶ የሞተ ባትሪ ከቻርጀር ጋር ተገላቢጦሽ ከታሰረ ዋልታው ራሱ ሊለወጥ ይችላል። እንዲህ ያለው ባትሪ በላዩ በተጻፈው ምልክት መሠረት ቢገጠምም ጉዳቱ ያው ነው።

በሞተሩ ውስጥ የሚሆነው

በዛሬዎቹ ሞተር ሳይክሎች አሉታዊው ዋልታ ከሻንሲው ጋር ይገናኛል፤ አዎንታዊው በፊውዝ በኩል ወደ ቁልፉና ወደ ሌሎች ክፍሎች ይሄዳል። (እንደ ትራያምፍና ቢኤስኤ ባሉ በርካታ አሮጌ የእንግሊዝ ሞተሮች ግን ከሻንሲው ጋር የሚገናኘው አዎንታዊው ነው።)

ሬጉሌተሩ ከጀነሬተሩ የሚመጣውን ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በዳዮዶች አማካይነት ወደ ቀጥተኛ ይለውጣል። ዳዮድ ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ ያሳልፋል። ባትሪው በትክክል ሲታሰር ዳዮዶቹ እንደ ተዘጋ በር ሆነው የባትሪውን ኃይል ይይዛሉ። ዋልታው ሲቀያየር ግን በሩ ይከፈትና ኃይሉ ያለ ተቃውሞ ይፈሳል፤ ይህም ሾርት ነው። ፊውዙ ቀድሞ ከተቃጠለ ዳዮዶቹ ይተርፋሉ። ፊውዙ ከዘገየ፣ ወይም በሬጉሌተሩ መስመር ላይ ፊውዝ ከሌለ፣ ዳዮዶቹ ይቃጠላሉ።

ሁሉም ዕቃ እኩል አይጎዳም። ባለ ክር አምፖልና ክላክስ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራሉ። የኤልኢዲ መብራት፣ ዲጂታል ዳሽቦርድ፣ ከባትሪ ኃይል የሚያገኝ ሲዲአይ እና የኢንጄክሽን ሞተር ኮምፒውተር ግን ሊበላሹ ይችላሉ። በብዙ ትናንሽ ባለ ካርቡሬተር ሞተሮች ሲዲአዩ የሚሠራው በቀጥታ ከጀነሬተሩ በሚመጣ ኃይል ስለሆነ ባትሪው ቢሞትም ሞተሩ በእግር ተመትቶ ይነሣል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ክላክስና ፍሬቻ ጠፍተው ሞተሩ ከተነሣ፣ ብልሽቱ የሚፈለገው በባትሪው መስመር እንጂ በሲዲአዩ አይደለም።

የምርመራ ቅደም ተከተል

1. ቁልፉን አጥፍቶ መጀመሪያ አሉታዊውን፣ ቀጥሎ አዎንታዊውን ገመድ መፍታት። የቀለጠ ሽቦ ወይም የጠቆረ ሶኬት መኖሩን ማየት።

2. ባትሪውን ለብቻው መለካት። የቴስተሩ ቀይ ጫፍ በ+፣ ጥቁሩ በ− ላይ ሲሆን ከቁጥሩ ፊት የመቀነስ ምልክት ከታየ ባትሪው ራሱ ተገላብጧል። ሙሉ ባትሪ 12.6–12.8 ቮልት ያሳያል፤ ከ12 ቮልት በታች ከሆነ ቻርጅ ሳይደረግ ምርመራውን መቀጠል ያሳስታል።

3. ዋናውን ፊውዝ በቴስተር መፈተሽ። አብዛኛውን ጊዜ በባትሪው አጠገብ ወይም በሞተሪኖው ሪሌ ላይ ይገኛል፤ በትናንሽ ሞተሮች ከ10 እስከ 20 አምፔር ነው።

4. ፊውዙ ተቃጥሎ ከተገኘ፣ አዲስ ከመክተት በፊት በቦታው 12 ቮልት ባለ ክር የፍሬቻ አምፖል (10 ወይም 21 ዋት) ማሰርና ባትሪውን በትክክል ማገናኘት። አምፖሉ ከ2 አምፔር በላይ ስለማያሳልፍ ሾርት ቢኖርም ሽቦ አይቃጠልም። ቁልፉ ጠፍቶ አምፖሉ ካልበራ ፊውዙን መተካት ይቻላል። ደምቆ ከበራ ሾርቱ አልጠፋም። የሬጉሌተሩ ሶኬት ሲነቀል አምፖሉ ከጠፋ ጥፋቱ የሬጉሌተሩ ነው፤ ካልጠፋ ሌሎቹን ሶኬቶች አንድ በአንድ እየነቀሉ መፈለግ ነው።

5. ሞተሩን አስነሥቶ በመካከለኛ ፍጥነት የባትሪውን ቮልት መለካት። 13.5–14.5 ከሆነ ሬጉሌተሩ ደህና ነው። ሞተሩ ሳይነሣ ከነበረው ካልጨመረ ቻርጅ አያደርግም። ከ15 ካለፈ ሬጉሌተሩ መቆጣጠር አቅቶታል፤ አምፖል ሊያቃጥልና የባትሪውን አሲድ ሊያፈላ ስለሚችል ሞተሩ ወዲያው መጥፋት አለበት።

6. ሞተሩ ጨርሶ ካልተነሣ ካንዴላው እሳት መስጠቱን ማየት። እሳት ከሌለ ፊውዝ፣ ቁልፍና ሶኬቶች ይፈተሻሉ። ሲዲአይ በተራ ቴስተር በትክክል ስለማይለካ ከተመሳሳይ ሞተር በተወሰደ ደህና ሲዲአይ መሞከር ይሻላል፤ አዲስ መግዛት የመጨረሻው እርምጃ ነው።

ፊውዝን በሽቦ መተካት

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በእንዲህ ያለ የተራራ መንገድ ላይ ፊውዝ ሲቃጠል በመዳብ ሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት አገናኝቶ የመሄድ ፈተና ይኖራል። ይህ አደገኛ ነው። ፊውዝ ሆን ተብሎ ከመስመሩ ሁሉ ደካማ ተደርጎ የተሠራ ክፍል ነው። በወፍራም ሽቦ ከተተካ ቀጣዩ ደካማ ክፍል ከቤንዚን ታንከሩ ሥር የሚያልፈው ቀጭን ሽቦ ይሆናል፤ ሾርቱ ካልተወገደ ሽቦው ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ሁለት ትርፍ ፊውዝ ከመቀመጫው ሥር መያዝ ይህን ያስቀራል።

ጥንቃቄ

ባትሪ ከመውጣቱ በፊት የገመዶቹን ቦታ በስልክ ፎቶ ማንሣትና አዎንታዊውን ገመድ በቀይ ፕላስተር ምልክት ማድረግ ይጠቅማል። ከቻርጅ የተመለሰም ሆነ አዲስ የተገዛ ባትሪ ከመታሰሩ በፊት ዋልታው በቴስተር ይረጋገጣል። ሲታሰር አዎንታዊው ይቀድማል፤ አሉታዊው መጨረሻ ይታሰራል። አሉታዊው ቀድሞ ከታሰረ፣ አዎንታዊውን የሚያጠብቀው መፍቻ ሻንሲውን ቢነካ ባትሪውን ሾርት ያደርጋል። ቻርጅ ላይ ያለ ባትሪ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ በአጠገቡ እሳት ወይም ሲጋራ መኖር የለበትም።