ከአቃቂ ሜዳ ወደ አሜሪካ ኮሌጅ፦ የብቁነት ምዝገባ

አቃቂ ከእንጦጦና ከሱሉልታ ዝቅ ያለ፣ መሬቱም ሜዳማ ስለሆነ የአዲስ አበባ ሯጮች ፈጣን ልምምድ ሲኖራቸው ወደዚያ ይወርዳሉ። እነሱን እያየ የሚያድግ የአቃቂ ቃሊቲ ተማሪ የሚያውቀው መንገድ አንድ ነው፤ ክለብ መግባት፣ ደመወዝ ማግኘት፣ ከዚያም ብሔራዊ ቡድን።

ሌላም መንገድ አለ። ኬንያዊው ሄንሪ ሮኖ እ.ኤ.አ. በ1978 በ81 ቀናት ውስጥ አራት የዓለም ክብረ ወሰኖችን ሲሰብር የዋሽንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። በፓሪስ ኦሊምፒክ በ1,500 ሜትር ለአሜሪካ ነሐስ ያመጣው፣ ከኢትዮጵያውያን ወላጆች የተወለደው ያሬድ ንጉሤም የኖትር ዳም ዩኒቨርሲቲ ፍሬ ነው።

የዚህ መንገድ በር ኢንዲያናፖሊስ የሚገኘው የኤንሲኤኤ የብቁነት ማዕከል ነው። ኤንሲኤኤ የአሜሪካን የኮሌጅ ስፖርት የሚመራ ማኅበር ሲሆን፣ በአንደኛና በሁለተኛ ዲቪዚዮን መወዳደር የሚፈልግ ተማሪ ሁሉ በማዕከሉ ድረ ገጽ ተመዝግቦ መለያ ቁጥር ይወስዳል። ማዕከሉ ሁለት ነገር ይመረምራል፤ ትምህርቱንና የአማተርነት ታሪኩን።

ትምህርቱ ከ9ኛ ክፍል ይጀምራል። እንግሊዝኛን፣ ሒሳብን፣ ሳይንስንና ማኅበራዊ ሳይንስን ጨምሮ 16 ዋና ትምህርቶች ይቆጠራሉ፤ በእነዚህ የሚፈለገው ዝቅተኛ አማካይ ውጤት በአንደኛ ዲቪዚዮን 2.3፣ በሁለተኛው 2.2 ነው። የሰውነት ማጎልመሻ ግን ከዋናዎቹ አይደለም፤ መቶ ከመቶ ያመጣ ሯጭም በእሱ አይጠቀምም። የኤስኤቲና የኤሲቲ ፈተና ግዴታነት ግን እ.ኤ.አ. በ2023 ቀርቷል።

በአማተርነት በኩል ከክለብ ጋር የተፈረመ ውል፣ የሽልማት ገንዘብና ወኪል ይጠየቃሉ። ደንቡ በነዚህ ዓመታት እየላላ ቢመጣም ጥያቄው አልቀረም፤ መደበቅ ከውሉ የባሰ ጉዳት ያመጣል። ጊዜም ይቆጠራል። ለዓመታት በሠራው የአንደኛ ዲቪዚዮን ደንብ ሯጭ 12ኛ ክፍልን ከጨረሰ በኋላ የአንድ ዓመት ፋታ ብቻ ነበረው፤ ከዚያ ወዲያ በውድድር ላይ የቆየበት ዓመት ከአራቱ የውድድር ዘመኖቹ ላይ ይቀነስበት ነበር። እዚህ አገር ተማሪው ክለብ የሚፈልገውም በዚሁ ጊዜ ነው።

የኢትዮጵያ ተማሪ የዘመን አቆጣጠርንም ማሰብ አለበት። በ2000 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ፣ ዘመኑ ሳይቀየር ከተነበበ፣ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያረጃል። የዕድሜ ጥያቄ በሚበዛበት የእኛ አትሌቲክስ ይህ ትንሽ ስህተት አይደለም። ስለዚህ ትራንስክሪፕቱ ሲተረጎም ሁለቱም አቆጣጠሮች በግልጽ ይጻፉ።

ምዝገባው ስኮላርሺፕ አይደለም። ማዕከሉ የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው አንድ ኮሌጅ ተማሪውን ፈልጎ በዝርዝሩ ሲያስገባው ነው። ስለዚህ ሰዓቱንና የውድድር ውጤቱን ለአሰልጣኞች የሚልከው ተማሪው ራሱ ነው፤ መግቢያና ቪዛም ለየብቻ ይጠየቃሉ። በገንዘብ “ብቁ አስብልሃለሁ” የሚል ደላላ የሚሸጠው ነገር የለውም።

የአቃቂ ቃሊቲ አሰልጣኞችና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ለሯጮቻቸው በ12ኛ ሳይሆን በ9ኛ ክፍል ይንገሯቸው፤ ያኔ የወደቀ ሒሳብ ለማንሳት ገና ጊዜ አለ።