ባለቤት የሌለው ዓረፍተ ነገር

በጥቅምት 2010 ዓ.ም ብር ከዶላር አንጻር በ15 በመቶ እንዲቀንስ ተደረገ። በመንግሥት አማርኛ እንዲህ ያለው እርምጃ «ማስተካከያ» ይባላል፤ የነዳጅ ዋጋ ሲጨምርም ስሙ ይኸው ነው። ቃሉ ወደ ላይም ወደ ታችም አይጠቁምም። የጉሊት ነጋዴ ግን ሽንኩርት ላይ ዋጋ ጨምራ «ማስተካከያ ተደርጓል» ብትል ገዢዋ መሳቋ አይቀርም። ሳቁ ከየት እንደሚመጣ ለማየት መጀመሪያ አነጋገሩ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ያስፈልጋል።

የአማርኛ ግሥ አድራጊውን በውስጡ ይዞ ይሄዳል። «ቆረጥን» ከተባለ ቆራጮቹ አብረው ተነግረዋል። ከዚህ ለማምለጥ ግሡን ወደ ተደራጊ መለወጥ ይቻላል፦ «ተቆረጠ»። የበለጠ አስተማማኙ ግን ግሡን ጨርሶ ስም ማድረግ ነው፦ «የኃይል መቆራረጥ»። በላዩ «እጥረት»፣ «ውስንነት» ወይም «ክፍተት» ሲታከልበት ጥፋቱ እንደ ዝናብ ከሰማይ የወረደ ይመስላል። «በሂደት ላይ ነው» የሚለው ደግሞ ከሰው ይልቅ ጊዜን ይሰውራል፤ መቼ እንደተጀመረም መቼ እንደሚያልቅም አይናገርም።

አማርኛ ድሮም ለስላሳ አነጋገር አላጣም። «ሞተ» ላለማለት «አረፈ» እንላለን፤ ለማኝን ባዶ እጁን ስንሸኝ «እግዜር ይስጥህ» እንላለን። እነዚህ የሚያዝኑት ለሰሚው ነው። የመሥሪያ ቤቱ አነጋገር የሚያዝነው ለተናጋሪው ነው፤ ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል።

የመሥሪያ ቤቱ አነጋገር የሚሠራው ሰሚው አድራጊውን ማየት ካልቻለ ብቻ ነው። ቤት ውስጥ ይህ ሁኔታ የለም። ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ የገባ ባል «የትራንስፖርት አቅርቦት ችግር አጋጥሞ ነው» ቢል፣ ችግሩ ምን እንደሚሸት ሚስቱ ታውቃለች። ልጅ «በሂሳብ የአፈጻጸም ክፍተት ታይቷል» ቢል፣ ክፍተቱ ራሱ ደብተሩን ይዞ ቆሟል። «ባለቤት» በሰዋስው የዓረፍተ ነገሩን አድራጊ፣ በቤት ደግሞ የትዳር ጓደኛን ይጠራል፤ ከመግለጫው የጠፋው ባለቤት እዚህ ማዕድ ላይ ተቀምጦ መልስ ይጠብቃል።

ከሁሉ የሚገርመው «ኪራይ ሰብሳቢነት» ነው። ቃሉ በኢሕአዴግ ዘመን፣ በተለይ በመለስ ዜናዊ ንግግሮች፣ በሰፊው ተለመደ። መነሻው የኢኮኖሚክስ ትምህርት ነው፤ አዲስ ሀብት ሳያፈሩ በሥልጣን ወይም በትውውቅ ሌሎች ካፈሩት ድርሻ መውሰድ ማለት ነው። ሐሳቡ ጥርት ያለ ነበር። ነገር ግን በየግምገማው፣ ማለትም ካድሬዎች የራሳቸውንና የጓዶቻቸውን ጉድለት በሚዘረዝሩበት ስብሰባ፣ ሲደጋገም ሌባን ስሙን ሳይጠሩ መክሰሻ ሆነ። «ኪራይ ሰብሳቢነት ይስተዋላል» ሲባል ማንም ከወንበሩ አይነሣም። የአዲስ አበባ ተከራይ በበኩሉ ቃሉን እንደ ወረደ ይወስደዋል፤ ለእሱ ኪራይ ሰብሳቢ በወር መጨረሻ በሩን የሚያንኳኩት አከራዩ ናቸው። «ኪራይ ሰብሳቢው መጡ» ሲል ረቂቁ ቃል ስም፣ ፊትና የበር ቁልፍ ያገኛል።

ቀልዱ መሥሪያ ቤቱን ሲያርመው አይታይም፤ አንዱ ሐረግ ሲያረጅ ሌላ ይተካል። የሚያሠለጥነው ሰሚውን ነው። በሣሳ ወጥ ላይ «የግብዓት እጥረት ተስተውሏል» ሲባል የሳቀ ሰው፣ ያንኑ በዜና ሲሰማ «ያጓደለው ማነው?» ማለት ይቀለዋል።

ጎን ለጎን ግን ተቃራኒው ይከሰታል። ገንዘብ የተበደረ ጓደኛ «በሂደት ላይ ነው» ሲል በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱም ይስቃሉ። ሲደጋገም አበዳሪው ፈገግ ማለት ይተዋል። ተበዳሪው ግን ሐረጉን አይተወውም፤ አሁን የምሩን ነው።