የሠልጣኝ ሐኪሞች የትምህርት ክትትል እንዴት ይመዘገባል? መዝገቡስ ምን ያረጋግጣል?

ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች፣ በተለምዶ ሬዚደንቶች የሚባሉት፣ ተማሪም ሠራተኛም ናቸው። በአንድ ሰዓት ገለጻ ላይ መቀመጥም፣ ድንገተኛ ክፍል ለገባ ታካሚ መድረስም ሊጠበቅባቸው ይችላል።

በማስተማሪያ ሆስፒታሎች በማለዳ ውይይትና በሳምንታዊ ገለጻ ላይ ማን እንደተገኘ ይመዘገባል። ይህ ቀላል የቢሮ ሥራ ቢመስልም፣ ሠልጣኙ ወደ ቀጣዩ ዓመት ይለፍ ወይስ አይለፍ የሚለውን ውሳኔ ሊነካ ይችላል።

አገራት ምን ይጠይቃሉ?

ሕንድ እአአ በ2023 ያወጣችው የድኅረ ምረቃ ሕክምና ትምህርት ደንብ ሠልጣኞች ቢያንስ 80 በመቶ እንዲገኙ ያስገድዳል።

በዩናይትድ ኪንግደም ከሕክምና ትምህርት ቤት እንደወጡ ለሁለት ዓመት የሚሠለጥኑ ሐኪሞች በየዓመቱ 60 ሰዓት ትምህርት ማስመዝገብ አለባቸው። ግማሹ ለእነርሱ ተብሎ ከተዘጋጀው ዋና ትምህርት መሆን ይኖርበታል። መዝገቡን በኤሌክትሮኒክ ማኅደር የሚይዙት ራሳቸው ሲሆኑ፣ በዓመቱ መጨረሻ ገምጋሚዎች ይመለከቱታል።

በአሜሪካ ደግሞ ግዴታው በአሠልጣኙ ተቋም ላይም ይወድቃል። ተቋሙ ሠልጣኞች ለትምህርት ከሥራ ነፃ የሚሆኑበትን ሰዓት መጠበቅ አለበት። የትምህርቱም ሰዓት በአራት ሳምንት አማካይ ተሰልቶ በሳምንት ከ80 መብለጥ ከሌለበት የሥራ ሰዓት ጋር ይደመራል።

ወረቀት፣ ስልክ ወይስ አሻራ?

በወረቀት ላይ ጓደኛ ለጓደኛው ሊፈርም ይችላል። በስልክ የሚነበብ የኪውአር ኮድ ፎቶ ተነሥቶ አዳራሹ ውስጥ ለሌለ ሰው ሊላክ ይችላል። አሻራን ማጭበርበር ከእነዚህ ይከብዳል፤ ሆኖም መሣሪያው መብራት ሲጠፋ ሊቆም፣ በተደጋጋሚ በመታጠብ የደረቀን ጣትም ላያነብ ይችላል።

ሦስቱም ሰውየው መገኘቱን እንጂ መማሩን አይናገሩም።

የቀረው ለምን ቀረ?

አንዱ ሠልጣኝ እንቅልፍ ጥሎት፣ ሌላው ቀዶ ሕክምና ክፍል ቆይቶ ትምህርት ቢያመልጣቸው በመዝገቡ ላይ ሁለቱም “ቀሪ” ናቸው። ምክንያቱ ካልተጻፈ ቅጣቱ ከታካሚው ጎን በቆየው ላይም ያርፋል። ቅጣቱን የሚፈራ ሠልጣኝ ደግሞ ታካሚውን ትቶ ለመሄድ ሊገፋፋ ይችላል።

ምክንያቱ ሲጻፍ ግን መዝገቡ ሌላ ጥቅም ያገኛል። የአንድ ክፍል ሠልጣኞች ለወራት በሥራ ምክንያት እየቀሩ ከሆነ፣ ችግሩ ስንፍና ሳይሆን የሰው ኃይል እጥረት ሊሆን ይችላል። ያኔ መፍትሔው ማስጠንቀቂያ መስጠት ሳይሆን፣ በትምህርቱ ሰዓት ተረኝነቱን የሚሸፍን ሌላ ሐኪም መመደብ ይሆናል።

በምሥራቅ አፍሪካ ሌላ መንገድ

እአአ በ1999 የተመሠረተውና ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ኡጋንዳ አባል የሆኑበት የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡባዊ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ሠልጣኞቹን በአንድ ግቢ አይሰበስብም። የሚሠለጥኑት በየአገሩ ዕውቅና ባገኙ ሆስፒታሎች ነው።

እነዚህ ሠልጣኞች የተሳተፉባቸውን ቀዶ ሕክምናዎችና በእያንዳንዱ የነበራቸውን ድርሻ በኤሌክትሮኒክ መዝገብ ያሰፍራሉ። ረዳት ሆኖ መቆምና ቀዶ ሕክምናውን ራስ መሥራት ተለይተው ይታያሉ።

ይህም ቢሆን ፈተናንና የመምህርን የቅርብ ክትትል አይተካም። የክትትል መዝገብ ሠልጣኙ ትምህርቱን የማግኘት ዕድል እንደነበረው ያሳያል፤ ታካሚን በብቃት ማከም መቻሉን የሚያሳየው ግን በመምህሩ ፊት የሚሠራው ሥራ ነው።