አሸዋው ጠጠር መጣል አይደለም

«አሸዋ መጫወት የልጅ ነው» ይባላል። መነሻውስ ከልጆች ነው፤ የለንደኗ ሐኪም ማርጋሬት ሎዌንፌልድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ መጨረሻ በአሸዋ ጨዋታ የሚሰጠውን የሥነ ልቦና ሕክምና ዘዴ የጀመሩት ከሕፃናት ጋር ነበር። በኋላ ስዊዘርላንዳዊቷ ዶራ ካልፍ ከሥነ ልቦና ሊቁ ከካርል ዩንግ ትምህርት ጋር አዋሕደው አስፋፉት፤ አዋቂዎችም ገቡበት።

ለአዋቂ ምን ይጠቅማል? የሀዲያዋን ከተማ ሾኔን ያስቧት። ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣት በኬንያ፣ በታንዛኒያና በማላዊ አድርጎ ወደ ደቡብ አፍሪካ ይሄዳል። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ውስጥ ከአንድ ኮንቴይነር የ64 ኢትዮጵያውያን አስከሬን ወጥቷል። እንዲህ ባለ መንገድ አልፎ የተመለሰ ሰው «እንዴት ነበር?» ሲባል «ደህና ነው» ብሎ ዝም ቢል አይገርምም። ለዚህ ሰው ጥልቀቱ ሰባት ሴንቲሜትር ያህል የሆነ ሳጥን ይቅረብለት። ወለሉ ሰማያዊ ስለሆነ አሸዋው ሲገፋ ውኃ ይመስላል። አጠገቡ ትናንሽ መኪና፣ ሰው፣ ላም፣ ቤት፣ ድንጋይ ተደርድሯል። መኪናዋን አንስቶ ዳር ላይ ያቆማታል፤ አንዱን ሰው እስከ ደረቱ ይቀብረዋል። ቃሉ እጁን ተከትሎ ሊመጣ ይችላል፤ ባይመጣም ማንም አያስገድደውም።

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላው አስተሳሰብ ነው፤ «ባለሙያው አሸዋውን አይቶ የተሰወረውን ይገልጣል» የሚለው። ጠጠር ጣይና ሞራ ገላጭ በምናውቅበት አገር ይህ በቀላሉ ያሳስታል። እባብ ጠላት ነው፣ ድልድይ ተስፋ ነው የሚል መዝገብ የለም። ጥሩ ባለሙያ «ይህ ማን ነው? እርስዎስ የት ነዎት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ፍቺው ትዕይንቱን የሠራው ሰው የራሱ ነው።

«አንድ ቀን ነክቶት ይድናል» ማለትም ስህተት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው መመሪያ ከአሰቃቂ ገጠመኝ በኋላ ለሚመጣ ሕመም ለአዋቂዎች ያስቀደማቸው፣ በአሰቃቂው ገጠመኝ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባህርይ ሕክምናንና በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውን ዘዴ ነው። አሸዋው ለእነዚህ ረዳት ሊሆን ይችላል፤ ይተካቸዋል ማለት ግን አይቻልም። ያልሠለጠነ ሰው ቁስሉን ከፍቶ መዝጋት ሊያቅተው ይችላል። ራሱን ለማጥፋት የሚያስብ፣ ድምፅ የሚሰማው ወይም እንቅልፍ ፈጽሞ ያጣ ሰው ካለ አሸዋው ይቆይ፤ በፍጥነት ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።